አባዬ ከላይ ያየው

ሴትዮዋ ለደም ግፊቷ የታዘዘላትን ክኒን እየጠበቀች፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። እያነበበችም ትስቃለች። ብቻዋን መሳቋ ሳያሳፍራት አልቀረም፣ ቀና ብላ ፋርማሲስቷን «እስቲ ይቺን ስሚልኝማ እህቴ» አለቻትና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ነገሩ ስለ አንድ ማማ ላይ ስለተሰቀለ ሰዓት ነው። የደቂቃው ዘንግ ወድቆ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። በዚያ በኩል የሚኖሩ ሰዎች ደቂቃ የሚባል ነገር ስለሌላቸው ማንም አርፍዶ አያውቅም፣ ሚስትም ባሏን «የት ቆየህ?» ብላ አታፋጥጠውም ይላል።

ፋርማሲስቷ ክኒን የምትቆጥርበት እጇ ባለበት ቀረ። ይህን ነገር ታውቀዋለች። እንዴት አታውቀው! ራሷ የጻፈችው ነው። እሷ ከመጻፏ በፊት ደግሞ አባቷ የተናገረው ነው።

የማን መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ገልበጥ አድርጋ የጀርባውን ፎቶ አሳየቻት። በጋ ከክረምት ሻርፕ ከአንገቱ የማይጠፋ፣ ሬዲዮ ቢከፈት እሱ፣ ቴሌቪዥን ቢከፈት እሱ፣ አንባቢው ሁሉ «ባለ ሻርፑ» የሚለው ዝነኛ ደራሲ ፈገግ ብሎ ያያታል።

ከሥራ እንደወጣች መጽሐፉን ገዝታ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ አነበበችው። መውረጃዋ አልፏት ሄደ። «አባዬ» የሚለው በሙሉ «አጎቴ» ሆኗል። አባቷ የሚሠራበት ክሬን ያው ክሬን ነው። ምንጣፏን ልክ ባሏ የሆነ ይመስል እየሰደበች የምትደበድበው ሴትዮ አለች። ደንበኛ ሲጠፋ ጓሮ ወጥቶ ብቻውን የሚጨፍረው ፀጉር አስተካካይ አለ። ዳማ የሚጫወቱት ሁለቱ ጡረተኞችም አሉ፤ አንደኛው ሻይ ሊቀዳ ዞር ሲል ሌላኛው ጠጠር የሚሰርቀው። ቤት የሚዘርፍ ሌባ እንኳ ቢያንስ መጥረጊያውን ትቶ ይሄዳል። ይሄኛው እሱንም አልተወላትም።

የእሷ መጽሐፍ «አባዬ ከላይ ያየው» ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት አሳትማው፣ ዘመድ አዝማድ ይሉኝታ ይዞት ገዛ፣ የተረፈው እናቷ አልጋ ሥር ገባ። ዝንቡን እሽ ያለው አልነበረም። እሷ ግን ቅር አላላትም። የጻፈችው ለገበያ ብላ አይደለም፤ አባቷ እንዳይረሳ ብላ ነው።

አባቷ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። የከተማው ትልልቅ ሕንፃ ሲሠራ እሱ ከሁሉም በላይ፣ ሰማዩ ውስጥ በተንጠለጠለች የመስታወት ሳጥን ቁጭ ብሎ ይውላል። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ይገባል። ግን አባት አይደል፣ የተኛችው ልጁ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና የዋለበትን ከላይ ያየውን ሁሉ ይነግራታል። እሷ ተኝታ አትሰማ! የምትሰማው እናቷ ናት። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች፣ «ትናንት አባትሽ ምን አለሽ መሰለሽ?» ብላ ትጀምራለች። ልጅቷ በዚያ በማበጠሪያ ሰዓት ነው አባቷን ያወቀችው። ገና ትምህርት ቤት ሳትጨርስ ታሞ ሞተ። ያንን ሁሉ የማታ ወሬ ግን አንድ ሳታስቀር በልቧ ይዛው አደገች፤ ጻፈችው። መቅድሙ ላይም በኩራት፣ ከራሷ የጨመረችው አንድም ቃል እንደሌለ፣ ሁሉም የአባቷ ቃል እንደሆነ አሰፈረች።

ጣጣ ያመጣባት ይኸው ኩራቷ ነው።

የአክስቷ ልጅ ጠበቃ ነው። ጠበቃ ሲባል የቤት ኪራይና የአጥር ጭቅጭቅ ጠበቃ ነው እንጂ መጽሐፍ ተሰረቀብኝ የሚል ሰው ቢሮውን ረግጦ አያውቅም። ቢሆንም ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጎ ሲያነብ እሱም ደሙ ፈላና ክሱን መሠረተ። ይህ የሚበቃ መስሏቸው ነበር። ገጽ በገጽ እየተመሳሰለ የምን ክርክር ያስፈልጋል?

ባለ ሻርፑ ግን ምላሰ ጤፍ ነው፤ የያዘው ጠበቃ ደግሞ ከእሱ የባሰ። ችሎት ፊት ቆመው መመሳሰሉን ሊክዱ እንኳ አልሞከሩም። ይልቁንስ የእሷን መጽሐፍ ከፍተው መቅድሙን አነበቡት። «ክቡር ዳኛ፣ ከሳሿ ራሷ አንድም ቃል የኔ አይደለም እያለች ነው» አለ ጠበቃው፣ መነጽሩን አውልቆ። ቀጠለና ሟቹ ኦፕሬተር ወሬውን ለልጁ ብቻ አላወራም አለ። የባለ ሻርፑ አጎት እዚያው ግንባታ ላይ ከታች ሆኖ ለክሬኑ በእጁ ምልክት የሚሰጥ ሠራተኛ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ ማስረጃም አቀረቡ። ምሳ ሰዓት ላይ ሟቹ ከክሬኑ ወርዶ ለጓደኞቹ ያወራ ነበር፣ አጎትየው ሰምቶ ለወንድሙ ልጅ ነገረ፣ ወሬው የግንባታ ሠራተኞች ሁሉ ወሬ ነው፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል አሉ። አጎትየው ሞቷል፣ አባቷም ሞቷል። ሂድና መቃብር ጠይቅ!

ዳኛው ጠና ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ወደ ፋርማሲስቷ ዞረው ቀስ ብለው ጠየቋት። ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንቺ የፈጠርሽው የትኛው ነው?

ጠበቃዋ የአክስቷ ልጅ በዓይኑ ለመናት። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ምንም አልፈጠርኩም ክቡር ዳኛ። የአባቴ ነው» አለች። ባለ ሻርፑ የልብ ልብ አገኘና ሻርፑን አስተካከለ።

ችሎቱ ለእረፍት ሲነሳ የአክስቷ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ሊያብድ ደረሰ። ግድግዳውን ተደግፎ ያልለመናት ልመና የለም። ከዚህም ከዚያም ጨምሬበታለሁ በይ፣ አሳምሬዋለሁ በይ፣ ሰዓቱን እኔ ነኝ ያመጣሁት በይ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ የኔ ነው ካልሽ እንኳ ይበቃኛል አላት። ካልሆነ ግን ይፈረድብናል፣ መጽሐፉም የእሱ ሆኖ ይቀራል፣ ልጆችሽ አያታቸውን የሰውየው አጎት አድርገው ነው የሚያነቡት አላት። ይህ የመጨረሻው ነገር ልቧን ስንጥቅ አደረገው። የምትፈራው ይኼንኑ ነው። አባቷ የሌላ ሰው አጎት ሆኖ ሊቀር ነው። ቢሆንም ግግም አለች።

«የአባዬን ቃል የኔ ነው ብዬ ከወሰድኩ» አለችው፣ «ከዚያ ሰውዬ በምን ተለየሁ?»

እንዲህ ያለች ደረቅ ሴት ናት። በአንድ ቃል መዳን ስትችል ያቺን አንድ ቃል እምቢ አለች። የአክስቷ ልጅ ተናደደ፤ ግን እውነቱን ለመናገር በሆዱ ኮራባት። እናትየው አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ ከችሎት ቀርታ አታውቅም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ሲያልቅ ተነስታ ትሄዳለች፣ ስለ ክሱ አንድም ቀን ምንም ብላ አታውቅም። ልጇ ያለችውን ሰማች። ከዚያ የእህቷን ልጅ በእጅጌው ሳብ አድርጋ፣ «እኔን ምስክር አድርገህ ጥራኝ» አለችው። ምን እንደምትል ሲጠይቃት፣ እዚያው ትሰማለህ አለችው። ሌላ ምስክር ስላልነበረው ጠራት።

መሐላዋን ፈጽማ ቆመች። የእህቷ ልጅ ምን እንደሚጠይቃት ግራ ስለገባው፣ ባለቤቷ ወሬውን ለሥራ ባልደረቦቹ ያወራ እንደነበር ጠየቃት።

«አያወራም» አለች። «ለማንም ሊያወራው አይችልም።»

«ለምን አይችልም?»

«አላለውማ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ፋርማሲስቷ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እናቷ ወደ እሷ አልዞረችም፤ ዳኛውን ብቻ እያየች፣ ለጎረቤት የምታወጋ ያህል በለሆሳስ ቀጠለች።

«ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነበር ጌታዬ። ክፉ አልነበረም፤ ዝምተኛ ነበር። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ልጅቷ አታውቀውም። አንድ የእረፍት ቀን ቤት ውሎ አየችውና፣ 'እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?' አለችኝ። እሱም ሰማት። ሰምቶ ምንም አላለም፤ እሱ መቼ ምን ይላል። በማግስቱ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠርኩ፣ 'ትናንት ማታ አባትሽ አልጋሽ ላይ ተቀምጦ ምን አለሽ መሰለሽ?' አልኳት። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። በየጠዋቱ እየጠበቀች በምን ላቁም?»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ታዲያ ያ ሁሉ ነገር፣ ሰዓቱ፣ ባለ ምንጣፏ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከየት የመጣ ነው ብለው ጠየቋት። እናትየው ይህን ስትመልስ ትንሽ አፈረች። ሆስፒታል ውስጥ የልብስ አጣቢ ነበረች። የታማሚ አንሶላ አጥባ የምታሰጣው ጣራው ላይ ነው። ያየችው እዚያ ሆና ነው። የራሷን ቀን ነው በየጠዋቱ ለባሏ የሰጠችው።

የባለ ሻርፑ ጠበቃ ዘሎ ተነሳ። እናት ለልጇ ብላ የማትለው ነገር የለም፣ ይህ ጉዳዩ ሲበላሽ የተፈጠረ ወሬ ነው አለ። ፌዙንም አልተወም፤ እማማ ምናልባት የእኔን ደንበኛ መጽሐፍ ሁሉ እርስዎ ሳይጽፉት አይቀሩም አላት። ሰው ሳቀ። እሷ አልከፋትም፤ የሳቁትን እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማማ በአራቱም በኩል ሰዓት እንዳለው አስታወሰቻቸው። ክሬኑ የቆመው በዋናው መንገድ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ሰዓት ሁለቱም ዘንግ አለው፣ መቼም ጎድሎት አያውቅም። አንድ ዘንግ ብቻ ያለው በጀርባው በኩል ያለው ሰዓት ነው። እሱ ደግሞ ከሆስፒታሉ በኩል በቀር ከየትም አይታይም።

«ካላመናችሁኝ ውጡና እዩ» አለች። «አሁንም አልተሠራም። ማን ብሎ ይሠራዋል? የሚያየው በሽተኛና አጣቢ ነው።»

ዳኛው አሰቡ፤ ችሎቱ ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያይ አዘዙ።

የሆስፒታሉ ሊፍት ለበሽተኛ ብቻ ነው ተብሎ ሁሉም በደረጃ ወጣ። እናትየው ከፊት ትሄዳለች። ጉልበቷ ያማታል፣ ልጇ ልትደግፋት ብላ እጇን ስትዘረጋ ግን ቀስ አድርጋ ከላይዋ አነሳችው። ድሮ የራሰ አንሶላ በሁለት እጇ አቅፋ የወጣችበት ደረጃ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ጋ ብረቱን መያዝ እንዳለባት እግሯ ያውቀዋል። ከኋላዋ ጠበቆቹ ያለከልካሉ፣ የችሎት ጸሐፊው ክራቫቱን ያላላል። ፋርማሲስቷ ከእናቷ ጀርባ እየተከተለች ያቺን ጀርባ ትመለከታለች። ስንት ዘመን በዚህ ደረጃ ወጥታ ወርዳለች፣ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ ስትቀመጥ፣ እሷ ግን አንድም ቀን «አንቺስ ዛሬ ምን አየሽ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም። ይህ ገና አሁን ገባት።

ጣራው ላይ እንደ ወትሮው አንሶላ ተሰጥቷል። ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ይነሳል። ባለ ሻርፑን የራሰ አንሶላ ፊቱን ጠረገውና ሻርፑ ገመዱ ላይ ተጠመጠመ፤ ጠበቃው የልብስ መቆንጠጫውን ሳይነቅል ሊያላቅቀው ይታገል ጀመር። እናትየው በአንሶላዎቹ መሃል ሰንጥቃ ጫፉ ድረስ ሄደችና እጇን ዘረጋች።

ከዚህ በኩል ከተማው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚታየው። የየቤቱ ጓሮ፣ የየሱቁ የኋላ በር፣ ሰው ያየኛል ብሎ የማያስበው ሁሉ ከታች ተዘርግቷል። ባለ ምንጣፏ ዛሬ የለችም፤ ምንጣፉን የምትሰቅልበት ብረት ግን ግንብ በከበበው ጓሮ ውስጥ ዝጎ ቆሟል። የፀጉር አስተካካዩ ጓሮ ጎማ መጠገኛ ሆኗል። ማማው ከዚያ ወዲያ ቆሟል። ሰዓቱም ያውና። አንድ ዘንግ ብቻ ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከማማው ወዲያ ማዶ፣ ሌላኛው ፊቱ በሚያይበት በኩል፣ አባቷ የሠራበት ትልቅ ሕንፃ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል።

ዳኛው ሰዓቱን አዩ፣ ሕንፃውን አዩ፣ እንደገና ሰዓቱን አዩ። ከዚያ ወደ ባለ ሻርፑ ዞረው፣ አጎቱ ይህን ሰዓት ከሟቹ አፍ ሰማ ካለ፣ ሟቹ ደግሞ ከየት ሆኖ እንዳየው ጠየቁት። ያ ሬዲዮ የማይበቃው ምላስ የት ገባ?

ዳኛው ግን አልጨረሱም። ወደ እናትየው ጠጋ ብለው፣ «እማማ፣ እንደዚያ ከሆነ መጽሐፉ የእርስዎ ነዋ?» አሏት።

«እኔማ ፀጉር እያበጠርኩ ለፈለፍኩ» አለች። «መጽሐፍ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ስነግራት እንዲህ አያምርም ነበር። የኔ ነው ከተባለም ድሮ ነው የሰጠኋት፤ ይጻፍልኝ።»

ጸሐፊው በነፋስ የሚበርበትን ወረቀት በክርኑ ይዞ ጻፈ።

ፍርዱ ቆይቶ ተነበበ። የባለ ሻርፑ መጽሐፍ ከገበያ እንዲሰበሰብ፣ በጋዜጣም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነበት። የአክስቷ ልጅ ከችሎት ሲወጣ መሬት አልረገጠም። የመድኃኒት ቤቱ ደንበኞች እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ ያቺ የደም ግፊት ታማሚ ሴትዮ ሳይቀር የእሷን መጽሐፍ ገዝታ ልታስፈርም መጣች። ፋርማሲስቷ ፈረመችላት። ሽፋኑ ላይ «አባዬ» የሚለውን ስታይ ግን መጽሐፉን ገልብጣ አቀበለቻት። አሸንፋለች፤ አባቷን ግን አጥታለች። ሁለተኛ ሞቷል ማለት ይቻላል፣ ይሄኛው ደግሞ ይበልጥ አመማት። ያ በየማታው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሲያወራት የኖረ ሰው ጭራሹን አልነበረም።

እናቷን አኮረፈች። ማንን ታኩርፍ! ያዳነቻትን ሴት። ያሳፍራታል፣ ግን ኩርፊያው አልሄድ አላት። ስልክ ትደውላለች፣ ደህና ነሽ ወይ ትላለች፣ ትዘጋለች። እናትየውም አላስቸገረቻትም፤ አላባበለቻትም፣ አልተማጸነቻትም፤ የራሷን ቀን ለሰው ሰጥታ ዝም ስትል የኖረች ሴት ለኩርፊያ ትደነግጣለች?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቷ ቤት ሄደች። እናትየው የደረቀ ልብስ አልጋው ላይ ከምራ ታጥፋለች። ፋርማሲስቷም ካጠገቧ ቆማ የአንሶላውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ሁለቱ ወጠሩት፣ አጠፉት፣ ተጠጋግተው ጫፉን አገናኙት። እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ልጅቷ አልቻለችም።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትፈጥሪብኝ።»

«እሺ።»

«ስለ እኔ አንድ ነገር እንኳ ብሎ ያውቃል?»

እናትየው የያዘችውን የትራስ ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ፊቷን ታያለች፤ አዲስ ወሬ እየተሠራ እንዳይሆን ፈርታለች። በእናትየው ፊት ላይ ግን የወሬ ነገር የለም፤ የደከማት አሮጊት ፊት ነው።

«'ተኛች ወይ?' ይል ነበር» አለች። «ማታ ማታ። በሩን እንደከፈተ፣ ጫማውን ሳያወልቅ። 'ተኛች ወይ?' ሌላ አይልም።»

«አንቺስ?»

«ተኝታለች እለዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አልጋሽ ጋ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ይቀመጣል።»

«ተቀምጦ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ዝም ብሎ ያይሻል። አንዳንድ ቀን እዚያው እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ቀስቅሼ ነው የማበላው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየው ነበር። አንድ ነገር ቢላት ምናለ፣ ብዬ ሆዴ ይባባ ነበር።»

ልጅቷ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከእናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ አለቀሰች። እናትየው ፀጉሯን በጣቶቿ ታበጥርላት ጀመር።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታነሳ።

እናቷም ደገመችላት።